ሳይለካ የተሰፋ ኮት

እናቴ ሰው ልትገድል መሆኗን ከሁሉም ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ያወቅሁትም መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ነው።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነበረው። ወደ መንገዱ የሚከፈተው የእናቴ የስፌት ክፍል ሲሆን የኋለኛው መኝታችን ነበር። በመካከላቸው በር የለም፤ እናቴ ከትርፍራፊ ጨርቅ የቀጣጠለችው መጋረጃ ብቻ ተንጠልጥሏል። ትልልቅ ሰዎች መጋረጃን እንደ ግንብ ነው የሚቆጥሩት። ድምፃቸውን ትንሽ ዝቅ ካደረጉ ልጅ ጆሮ ያለው አይመስላቸውም። እኔ ደግሞ ከጆሮም ሌላ፣ ቀዩና ቢጫው ጨርቅ የተጋጠሙበት ቦታ ላይ ስፌቱ ተተርትሮ፣ ለአንድ ዓይን የሚበቃ ቀዳዳ ነበረኝ።

አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ በያጅ ነበር። ሲመጣ የተቃጠለ ብረት ሽታው ቀድሞት ይገባል። ሱሪው ከብየዳ በሚረጨው ፍንጣሪ ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል፤ ጭኑ ላይ ተቀምጬ ጣቴን በቀዳዳዎቹ እየከተትኩ መኮርኮር እወድ ነበር። «ድንቢጥ» ይለኛል። በዚያ ከሰዓት ግን ሲገባ ድንቢጥ የት አለች ብሎ አልጠየቀም።

«ሊፈታ ነው» አለ፣ ገና ሳይቀመጥ።

የስፌት መኪናው መርገጫ ቀጥ አለ። እናቴ «ማን?» አላለችም። እኔም መጠየቅ አላስፈለገኝም። በቤታችን ስሙ የማይነሳ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ስለ እሱ ሲወራ «ሾፌሩ» ነው የሚባለው።

አባቴ የከባድ መኪና መካኒክ ነበር፤ ሾፌሩ ደግሞ ጓደኛው። እኔ ስወለድ እናቴን ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ነው ይባላል። አንድ ቀን አባቴ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተጋድሞ ሲሠራ ሾፌሩ ጠጥቶ መጣና ሞተሩን አስነስቶ ነዳው። ፍርድ ቤት ሲቆም ደግሞ «አስነሳ ያለኝ እሱ ነው፤ የጠጣውም እሱ ነበር» አለ። ዳኛው አላመነውም፤ አሰረው። ሰፈሩ ግን ግማሹን አመነው። ሙት ተነስቶ አይከራከርማ! ትምህርት ቤት ስገባ «የሰካራሙ ልጅ» የሚሉኝ ነበሩ። እናቴ ባሏን መጀመሪያ በመኪና፣ ቀጥሎ በምላስ ተነጠቀች።

«እናቱ ቤት ስታስጠርግ አየኋት» አለ አጎቴ። «አልጋ ስታስገባ አየኋት። ወንድሜ አፈር ውስጥ ተኝቶ እሱ በዚህ መንገድ እጁን እያወዛወዘ ሊሄድ ነው!»

«ይሂዳ። መንገዱን እኔ አልሠራሁት።»

«እኔ ግን ልኩን አሳየዋለሁ።»

እናቴ ከጨርቁ ላይ ቀና አለች። ከዚያ ክር በጥርስ እንደሚበጥስ ሰው ቆረጥ አድርጋ ተናገረች።

«አንተ በያጅ ነህ። ልክ የምወስደው እኔ ነኝ። ለእኔ ተወው።»

«እትዬ፣ አንቺ እኮ…»

«ለእኔ ተወው ብያለሁ! በል አሁን ጃኬትህ ሥር የያዝከውን አምጣ።»

ብረት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። ዓይኔን ቀዳዳው ላይ አደረግሁ። ክንድ የሚያህል ፌሮ ነበር፤ አንዱ ጫፉ በሞረድ ሾሎ ያብረቀርቃል፣ ሌላው ጫፍ ለመያዝ እንዲመች በጨርቅ ተጠምጥሟል። እናቴ አነሳችው። በእጇ መዘን አደረገችው። ከዚያ የቁርጥራጭ ጨርቅ ሣጥኑን ከፍታ ታች ቀበረችው። ቀና ስትል ፊቷ ኖራ መስሎ ነበር።

ዛሬ ራሴ ልጅ ወልጄ ሳስበው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከአንድ ግልፍተኛ እጅ መሣሪያ ማስጣሏ ነበር። ያኔ ግን ያየሁትን አየሁ። አጎቴ መሣሪያ አመጣ፤ እናቴ «ለእኔ ተወው» ብላ ተቀበለችው፤ ደበቀችውም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴን ሰለልኳት።

ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት አልጋው ጠርዝ ላይ ተንበርክከን አብረን እንጸልይ ነበር። «አባታችን ሆይ» ብለን ጀምረን አንድ ቦታ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ የእናቴ ድምፅ ይጠፋል። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለውን ብቻዬን ነበር የምለው። እሷ ወይ ታስላለች፣ ወይ ሻሿን ታስተካክላለች። እኔ ያ ቦታ የልጆች ተራ ስለመሰለኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ኮራ ብዬ እለዋለሁ። እግዚአብሔርን መዋሸት ፈርታ ዝም ትል እንደነበር የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። «ይቅር ሳልል ይቅር እላለሁ ብዬ እንዴት ልንገረው? አንቺ ልጅ ነሽ፣ ቂም የለብሽም። ለእኔም ጭምር በይልኝ ብዬ ነው» አለችኝ።

አጎቴ ፌሮውን ጥሎ በሄደ ሰሞን ግን አንድ ጠዋት ያን ቦታ አብራኝ አለችው። ድምፅዋ መሀል ላይ ተሰነጠቀ፤ ሆኖም እስከ መጨረሻው አለችው። ተራዬን ስለቀማችኝ አኮረፍኩ። ቆይቼ ግን ፈራሁ። ሰው አደገኛ ነገር ሊያደርግ ሲነሳ አጥብቆ እንደሚጸልይ ከሆነ ቦታ ሰምቼ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሾፌሩ ተፈትቶ ነበር። የእናቱ ቤት ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ነበር። ድሮ «እማማ» እያልኩ ወደ አሮጊቷ እሮጥ ነበር፤ ከአባቴ ሞት ወዲህ ግን እሷና እናቴ መንገድ ላይ ሲተያዩ አንዷ ወደ ማዶ ተሻግራ ታልፋለች። ማን እንደምትሻገር በየጊዜው ይለያያል፤ መሻገሩ ግን አይቀርም።

«ዳቦ ግዢና ነይ» አለችኝ እናቴ። ከበሩ ሳልወጣ መለሰችኝ። «ስታልፊ ሰውየው ደጅ ላይ ካለ እይው። እንዳትጠጊው፤ እይው ብቻ።»

አየሁት። በሐሳቤ በር የማያስገባው ግዙፍ ሰው ነበር። ደጃፉ ላይ የተቀመጠው ግን ፀሐይ ዓይኑን የሚያጨናብሰው፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ የከተተ ሰው ነው። ዳቦውን እያቀፍኩ ሮጥኩ።

«ከስቷል?» አለች እናቴ።

«በጣም።»

«ትከሻውስ?»

«የልብስ መስቀያ ነው የሚመስለው።»

«ከአጎትሽ ይረዝማል?»

«በግንባር ይበልጠዋል።»

«ምን ለብሷል?»

«ሸሚዝ ብቻ። እጅጌው አጥሮታል። ይንቀጠቀጣል።»

የብርዱ ወራት ነበር። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። «ይበቃል» አለች። ከአልጋው ሥር ሻንጣዋን ጎትታ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ጨርቅ አወጣች። አባቴ ለራሱ ኮት ሊሆነው ገዝቶ ሳይሰፋለት የቀረ ጨርቅ ነው፤ እኔ እጄን ታጥቤ እንኳ እንድነካው አይፈቀድልኝም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ በጠመኔ አሰመረች። መቀሱን አንስታ ቆመች። ቆመች። የማትቆርጠው መስሎኝ ነበር። ከዚያ የመቀሱ ጥርስ ጨርቁን ሲነክስ ሰማሁ፤ እናቴም የተቆረጠችው እሷ ይመስል ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች።

«የማን ነው?» አልኩ።

«የሰው ነው።»

«ሰውየው መጥቶ አልተለካ!»

«በአንቺ ዓይን ለካሁት።»

ያኔ የማን እንደሆነ ገባኝ። ለምን እንደሆነም ገባኝ። እናቴ ሰው ሳትለካ ስትሰፋ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር ያየኋት፤ ያኔ ጎረቤታችን ሽማግሌ ሞተው ቤተሰቦቻቸው የመቀበሪያ ልብስ ሊያሰፉ መጥተው ነበር። «አትለኪያቸውም?» ብላት «ሙት ጠበበኝ አይልም» ብላኝ ነበር። እንግዲህ እናቴ ሥራዋን ቅደም ተከተሉን አስይዛ እየሠራች ነው ማለት ነው፤ መጀመሪያ ልብሱን፣ ከዚያ ሰውየውን።

የሾፌሩ ነፍስ አላሳሰበኝም። እንዲሞት እፈልግ ነበር፤ አጎቴ ቢገድለው ምናልባት አጨበጭብ ነበር። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ሰው የገደለ ይታሰራል። እናቴ ከታሰረች ፀጉሬን የሚጎነጉነው ማን ነው? ማታ በሩን የሚቀረቅረው ማን ነው? ቀን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ አስተማሪዋ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ እኔ የማየው የእናቴን እጅ በካቴና ታስሮ ነው። በየቀኑ ስመለስ ኮቱ እያደገ ይጠብቀኛል፤ አንድ ቀን እጅጌ አውጥቷል፣ ሌላ ቀን ኮሌታ፣ ሌላ ቀን ገበር። «ቁልፍና ዘርፍ ነው የቀረው፤ ቅዳሜ ያልቃል» ስትል ሰማኋት። ለራሷ ነበር የምታወራው።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ቤት አልሄድኩም። ዳቦ ቤቱን አልፌ የአሮጊቷ ደጅ ላይ ቆምኩ። ሾፌሩ የተገነጠለ ማጠፊያ በድንጋይ እየቀጠቀጠ በር ይጠግናል።

 የዚህን ሰው ስም ጠርቼ አላውቅም፤ ምን ብዬ ልጀምር? ጠላትም ቢሆን ታላቅ ነው፤ «አንተ» ማለት አፌ አልደፈረም።

«ጤና ይስጥልኝ» አልኩት። «ይሽሹ።»

ድንጋዩን እንደያዘ ዞረ። «አቤት?»

«ይሽሹ። እናቴ ልትገድልዎት ነው።»

ግንባሬን ያየው ጀመር። ግንባሬ የአባቴ ነው ይሉኛል። «የማን ልጅ…» ብሎ አልጨረሰውም። ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀመጠው፤ የሚሰበር ዕቃ ይመስል ቀስ ብሎ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ ያወቅሁት። የሾለ ፌሮ አላት። ልብስዎም አልቋል፤ ቁልፉ ብቻ ነው የቀረው።»

«የምን ልብስ?»

«የመቀበሪያዎ ነዋ!»

መድረኩ ላይ ተቀመጠ። ከውስጥ አሮጊቷ ስትስል ይሰማል። ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አድርጎ ሲጨርስ እንደ ትልቅ ሰው አነጋገረኝ፤ ማንም እንደዚያ አነጋግሮኝ አያውቅም።

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ነገ።»

«እሺ።»

«ይሸሻሉ አይደል?»

«ነግረሽኛል። አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ፤ እናትሽ ታስባለች።»

እየዘለልኩ ገባሁ። ይሸሻል፣ እናቴን አዳንኳት አልኩ። ሾፌሩ በዚያ ከሰዓት አውቶቡስ መናኸሪያው በር ድረስ ሄዶ እንደተመለሰ የሰማሁት ከራሱ አፍ ነው፤ ጸጉሩ ሁሉ ከሸበተ በኋላ። «ስጠጣ ከራሴ ስሸሽ ነበር፤ ፍርድ ቤት ደግሞ ከአባትሽ ሸሸሁ» አለኝ። «ከዚያች ሴትዮም ከሸሸሁ መድረሻዬ የት ነው? ልትገድለኝ እንደምትፈልግ አምኜ ነው የመጣሁት።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እናቴ የመጨረሻውን ቁልፍ ስትሰፋ የመንገዱ በር ተንኳኳ። እኔ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። በቀዳዳው አየሁ። ሾፌሩ ነው። አልሸሸም። ከኋላው ፀሐይ ስላለ ፊቱ ጠቁሯል፤ ትከሻው ብቻ ይታያል።

«መጣሁ» አለ።

እናቴ አልተነሳችም። መርፌው ኮቱ ላይ እንደተሰካ ቀረ።

«ማን ጠራህ?»

«ማንም። የምታደርጊውን አድርጊ፤ እጄን አላነሳም። በፊት ግን የምናገረው አለኝ።»

«ተናገር።»

«እሱ አልጠጣም ነበር። አስነሳም አላለኝ። ሥር መግባቱን ነግሮኝ ነበር፤ ሰክሬ ረሳሁት። ከዚያ ደግሞ ሳልሰክር ዋሸሁበት። የመጀመሪያውን በመጠጥ ላሳብብ እችላለሁ። ሁለተኛውን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

አንዲት ዝንብ መስኮቱ ላይ ትጋጫለች። እናቴ ተነሳች። መቀሱን ከጠረጴዛው ስታነሳ አየሁ፤ እጀታውን ከመጨበጧ የተነሳ የጣቶቿ አንጓ ነጥቷል።

«ልጄ ትምህርት ቤት ማን ተብላ እንደምትጠራ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«የሰካራሙ ልጅ።»

አንገቱን ደፋ።  እናቴ ትተነፍሳለች፤ ትንፋሿ ከሩጫ እንደመጣ ሰው ነው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም።

«ዙር» አለችው በመጨረሻ። «ፊትህን ወደ ግድግዳው። እንድታየኝ አልፈልግም።»

ዞረ።

«እጅህን ዘርጋ።»

እንደ ተሰቀለ ሰው እጁን ግራና ቀኝ ዘረጋ። እናቴ ከነመቀሷ ወደ ጀርባው ተጠጋች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጨርቅ ሲንሿሿ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የመቀሱ አፍ ቀጭ ሲል ሰማሁ።

«እማዬ አትግደይው!» ብዬ መጋረጃውን ይዤው ወደቅሁ።

ከነመጋረጃው ተጠቅልዬ ቀና ስል ሾፌሩ ቆሟል። ኮቱን ለብሷል። እናቴ ከትከሻው ላይ የተረፈ ክር ቆርጣ በእጇ ይዛለች፤ ጉንጯ በእንባ ርሷል። መጀመሪያ እኔን አየች። ከዚያ ሾፌሩን። ሾፌሩ እጁን እንደዘረጋ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ ነው፤ ገና ሞቱን እየጠበቀ ነው።

«ምን ብላችሁ ነው…» አለች። «ሁለታችሁም ምን መስሏችሁ ነው?»

መልስ ከመስጠታችን በፊት አጎቴ ገባ። ሾፌሩ በብየዳ ቤቱ በር ሲያልፍ አይቶት እየሮጠ ነው የመጣው። ኮቱን አየ። ጨርቁን አወቀው።

«የወንድሜን ጨርቅ!» አለ። ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጠነ። «የወንድሜን ጨርቅ ለዚህ አለበስሽው?»

ሣጥኑን ገለበጠው። ቁርጥራጩ ጨርቅ ወለሉን ሞላው፤ ፌሮው ተንኳኳ፤ አነሳው። እናቴ በሁለቱ መካከል ገባች። አጭር ሴት ናት፤ የፌሮው ጫፍ ከአንገቷ ትይዩ ነበር።

«ዞር በይ፣ እትዬ።»

«አልልም።»

«የወንድሜ ደም ነው!»

«የባሌም ደም ነው። አንተ በሳምንት አንድ ቀን ታለቅሳለህ፤ እኔ ከባዶ ትራስ ጋር ነው የማድረው። እንዴት እንደሚያቃጥል አንተ አታስተምረኝም!»

«ታዲያ ይቅር በዪ ብሎ ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም አልፈቀደልኝም። ታዘዝኩ» አለች። «ሲሰቅሉት ይቅር በላቸው ያለው አዘዘኝ። ዓመታት ሙሉ እምቢ አልኩት። ጀርባዬን ሰጥቼው ስጸልይ ኖርኩ። ደከመኝ፣ ወንድሜ። ይሄን ሰው ተሸክሜ መንቃት፣ ተሸክሜ መተኛት ደከመኝ። ብትወጋው ደግሞ የሚቀረኝ የባሌ መቃብርና የአንተ እስር ቤት ነው። እስቲ ንገረኝ፤ የትኛው ነው ባሌን የሚመልስልኝ?»

 ሾፌሩ ከኋላዋ «ተይው፣ እህቴ፣ እውነቱን ነው» ሲል «አንተ ዝም በል!» ብላ ሳትዞር ጮኸችበት። ይቅር ባለችውና በምትወደው መካከል ቆማ በሁለቱም ላይ ተቆጥታ ነበር።

ፌሮው ከአጎቴ እጅ ወደቀ። አንስቶ አልመለሰውም። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለሽም» ብሏት ወጣ። እኔን አልፎ ሲሄድ ድንቢጥ አላለኝም።

እናቴ ጠረጴዛውን ተደገፈች። «ሂድ» አለችው ሾፌሩን። «ለብሰኸው ሂድ። አመሰግናለሁ እንዳትለኝ፤ ዛሬ እሱን ለመስማት አቅም የለኝም።»

ሳይናገር ወጣ። እሷ ወለሉ ላይ፣ ቁርጥራጩ ጨርቅ መሀል ተቀመጠች። ሄጄ ጉያዋ ገባሁ።

«ልገድለው መስሎሽ ነበር?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ለምን እንዳልሳቀች ያወቅሁት እኔ ትዳር ከያዝኩ በኋላ ስትነግረኝ ነው። አንድ ቀን እኔን ትምህርት ቤት ልካ ፌሮውን ከሣጥኑ አውጥታ፣ በሻርፕ ሸፍና፣ ዳቦ ቤቱ ድረስ ሄዳ ነበር። አሮጊቷ ደጃፍ ስትጠርግ አይታ ተመለሰች። ሁልጊዜ የምትዘለውን ቃል በማግስቱ አብራኝ የጸለየችው ለዚህ ነው። «ልቤን ብጠብቅ ኖሮ እስከ ዛሬ አይመጣም ነበር» አለችኝ። «ልቤ እምቢ ሲለኝ እጄን አስቀደምኩ። እጄ የሚያውቀው መስፋት ነው።»

ሾፌሩ ማንም ሳይጠይቀው ጋራዡ ሄዶ፣ በምሳ ሰዓት መካኒኮቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ ለእናቴ የነገራትን ደገመው። ወሬው ሰፈሩን ዞረ። እኔም የሰካራሙ ልጅ መሆኔ ቀርቶ የመካኒኩ ልጅ ሆንኩ።

ግን ነገሩ በዚያ አላለቀም። እናቴ ሾፌሩን አልወደደችውም። መንገድ ላይ እጅ ነስቶ ሰላም ሲላት መልስ የምትሰጥበት ቀን ነበር፤ ያልሰማች መስላ የምታልፍበትም ቀን ነበር። እንደዚያ ያለፈች ለት ስትጸልይ ትቆያለች። «ሰባ ጊዜ ሰባት የተባለው ለብዙ በደል ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለአንዱም አይበቃም» ትለኝ ነበር። ከአሮጊቷ ጋር ግን መሻገሩ ቀረ። መጀመሪያ ቆመው ተያዩ፤ ሌላ ቀን አሮጊቷ የመርፌው ቀዳዳ አልታይ አለኝ፣ ክር አስገቢልኝ ብላ መጣች፤ እናቴ አስገባችላት፤ ከዚያ ወዲህ በየሰበቡ መርፌዋን ይዛ የምትመጣ ሴትዮ ሆነች።

አጎቴን አጣነው። እናቴ እኔን ይዛ ብየዳ ቤቱ ትሄዳለች። እሱ ሲያየን ጭምብሉን ያወርድና ብየዳውን ያበራል፤ ብርሃኑ ዓይን ስለሚወጋ ፊታችንን አዙረን እንመለሳለን። ሾፌሩን ይቅር ማለት ያስከፈላት አጎቴን ነው። ይህን የተናገረ ሰባኪ ሰምቼ አላውቅም።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ አንድ እሑድ ጠዋት እናቴ ከደጅ እያለቀሰች ገባች። በመስኮቱ ሾፌሩ ሲያልፍ አይቼዋለሁ። ደሜ ፈላ።

«ምን አለሽ? ንገሪኝ፣ ምን አለሽ?» ብዬ ወደ በሩ ተነሳሁ።

ክንዴን ያዘችኝ። «እሱ ምንም አላለም። እኔ ነኝ እንደምን አደርክ ያልኩት።»

«እና?»

«ሳላስበው አልኩት። ቀድሜው። አፌ በራሱ አለው፤ ልቤን ስፈልገው ምንም የለም። አንድም ነገር።» እንባዋ እንደገና መጣ። «አይገባሽም። ቂሜ ነበር አባትሽን በዚህ ቤት ያቆየልኝ። ያንን ሰው በጠላሁ ቁጥር አባትሽ ትናንት የሞተ ይመስለኝ ነበር፤ ትኩስ ነበር። ዛሬ ሄደ። ገና ዛሬ ቀበርኩት።»

 ፊቷን ታጠበች፤ ከቁም ሣጥኑ ላይ የአባቴን ጥቁር ጫማ አወረደች፤ ከሞተ ጀምሮ ማንም አልነካውም። ተቀምጣ ጠረገችው። «ተነሺ» አለችኝ።

አጎቴ በእሑዱም ብየዳ ቤቱ ነበር። ሲያየን ጭምብሉን ሊያወርድ እጁን አነሳ፤ ጫማውን ሲያይ እጁ አየር ላይ ቀረ። እናቴ ጫማውን የብረት ክምሩ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠችለት።

«ያንተ ነው» አለችው። «ቀድሞም ላንተ ልሰጥህ ይገባ ነበር። እኔም ይቅርታ እፈልጋለሁ።»

ቁጭ አለ። ጫማውን አንስቶ ውስጡን አየ፤ በእጁ አሻሸው። ለብዙ ጊዜ ቀና አላለም። ከዚያ በተበሳሳው ሱሪው ጉልበት ላይ ዓይኑን ጠረገና ጉሮሮውን አጸዳ።

«የብየዳው ብርሃን ነው» አለ፤ ማሽኑ ግን ጠፍቶ ነበር። «ዓይኔን ይወጋኛል።»

«አውቃለሁ» አለች እናቴ አጠገቡ ብረቱ ላይ እየተቀመጠች። «እኔንም ዛሬ ጠዋት ነክቶኝ ነበር።»